የመርዶ ዋዜማ በፊንስበሪ ፓርክ

የባለቤቴ እናት ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ቀን፣ እዚህ ለንደን፣ ኤድመንተን በምሠራበት መጋዘን፣ ለምሳ እንደተቀመጥኩ ነው። የደወለልኝ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ከቀብር መመለሳቸው ነው። «እማዬ ሌሊት አረፈች፣ አሁን ቀብረናት መጣን» አለኝ በተዘጋ ድምፅ። እኔ አፌን ሳልከፍት ቀጠለና «እሷ ግን በስልክ እንዳትሰማ፤ አደራ። ሰው ሰብስብና በወጉ ይነገራት» አለኝ። አደራውን ተቀበልኩ። ሳንድዊቼን ወረቀቱ ላይ እንዳለ ትቼው ተነሳሁ።

ወዲያው የዕድራችን ሰብሳቢ ጋ ደወልኩ። አስመራ የተማሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ ነው፣ ስሳሳት ያርሙኛል። ነገሩን ስነግራቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። «ዛሬ አይሆንም። ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ ሰው እስኪሰበሰብ ይመሻል። በምሽት የተነገራት ሴት ሌሊቱን ብቻዋን ነው የምታነጋው። ነገ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን። አንተ እስከዚያ ስልኳን ጠብቅ።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምጠብቀው አባባ?» አልኳቸው።

«ባሏ አይደለህ እንዴ?» አሉና ዘጉት።

ስልኳን ጠብቅ ማለት ለእሳቸው ቀላል ነው። ድሮ መርዶ በእግር ነበር የሚሄደው፤ ሰውም በወጉ ይሰማ ነበር። ዛሬ ሬሳው ሳይገነዝ ፎቶው ከነሻማው ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ባለቤቴ ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ናት፤ አንዱ የሩቅ አጎት ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ቢጽፍ አለቀ። የምትሠራው ቤት ለቤት እየነዳች አዛውንት መንከባከብ ስለሆነ፣ ሥራ ላይ ስልኳን አታይም። ጭንቁ ከሥራ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ እስክትተኛ ድረስ ያለው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወሬው አንዴ ወጥቷል።

ያን ጊዜ ነው ፍሪጃችን ላይ የተለጠፈው ቫውቸር ትዝ ያለኝ።

ባተርሲ የምትኖረው ልጃችን ለእናቷ ልደት የሰጠቻት ነው፤ ለሁለት ሰው። ፊንስበሪ ፓርክንና አካባቢውን አመሻሽ ላይ በጎ-ካርት እየነዱ መጎብኘት። ጎ-ካርት ማለት ጣሪያ የሌላት፣ መሬት ልትልስ ምንም ያልቀራት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ናት፤ አስጎብኚው ከፊት ይነዳል፣ ሌላው እንደ ዳክዬ ጫጩት ተሰልፎ ይከተላል። ባለቤቴ ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር «መቼ ነው የምንሄደው?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሰበብ አላጣም። ወገቤን ያመኛል። ሊዘንብ ነው። እውነቱ ግን ይሉኝታ ነበር። ፊንስበሪ ፓርክ የሰሜን ለንደን ሐበሻ በሙሉ ባቡር የሚቀይርበት፣ በርበሬ የሚሸምትበት ቦታ ነው፤ በዚህ ሽበቴ እዚያ መሀል መጫወቻ ላይ ተቀምጬ ብታይ ምን ይሉኛል? በመጨረሻ ልጄ ስታስረዳኝ «ስልካችሁን ሎከር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ» ስትል ሰምቼ «በቃ፣ እኔ ያለ ስልክ የትም አልሄድም» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

አሁን ያ ባለ ቁልፍ ሣጥን፣ ያ ሎከር፣ ከሰማይ የወረደልኝ መሰለኝ። ሁለት እጇ መሪ ላይ፣ ስልኳ ሎከር ውስጥ። እንዲያውም በብልጠቴ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው ሞቶ።

ልጄ ጋ ደወልኩና ለዛሬ ምሽት ቡክ አድርጊልን አልኳት።

«ቱናይት? ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ልዋሻት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ አያቷ ናቸውና ነገርኳት። ስታለቅስ ጠበቅኋት። ቆይታ፣ አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ «ማሚ ታውቃለች?» አለች።

«ነገ ጧት ትሰማለች። ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

«ዳድ፣ ኖ። የእሷ እናት ናት እኮ፣ የሽማግሌዎቹ አይደለችም። ጀስት ቴል ኸር።»

«ወጉ ነው ልጄ።»

«እና በዚህ ቀን ጎ-ካርት ላይ ልታስቀምጣት ነው?»

እኔ ደግሞ መልስ ሲጠፋኝ መቆጣት ዓመሌ ነው። የተባልሽውን አድርጊ፣ አታከራክሪኝ ብዬ ጮህኩባት፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄ ቡክ አደረገችልን። ማረጋገጫውን የላከችልኝ አንድ ቃል ሳትጨምርበት ነው።

ባለቤቴን ከመጨረሻዋ አዛውንት ቤት ደጅ ሄጄ ጠበቅኋት፤ ብቻዋን ከስልኳ ጋር የምትሆንበት ጊዜ እንዳይኖር ብዬ ነው። እንደዚያ ቆሜ ጠብቄያት አላውቅም። በሩን ዘግታ ስትወጣ አየችኝና ደነገጠች። «ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

ማንም የሚለው ነገር ነው፤ ባልተለመደ ሰዓት ቤተሰብህን ስታይ አፍህ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። «ኧረ ማንም አልሞተም» አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። «ያቺን መኪናሽን ልንነዳ ነው። ልጅሽ ለዛሬ ቡክ አድርጋልናለች።»

«ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለች። ከዚያ ሳቀች። ባለቤቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ያደገችበት ሥርዓት ነው። ቦርሳዋን ልያዝልሽ ብዬ ተቀበልኳት። ስልኳ ውስጡ ነው። «እንዲህ ዓይነት ባል ነበረኝ እንዴ?» እያለች መንገዱን ሁሉ ስታሾፍብኝ ሄደች።

የጎ-ካርቶቹ ግቢ ከባቡር ጣቢያው ኋላ ነበር። አስጎብኚያችን ድምፀ ጎርናና እንግሊዛዊት ናት፤ ሳቂታ፣ እንደ ወታደር ቀብረር ያለች። መንጃ ፈቃዳችንን አየች፣ አንጸባራቂ ሰደርያ አለበሰችን፣ ሄልሜት ሰጠችን፣ ስልኮቻችንን ሎከር ውስጥ አስገባች። የሎከሩ ቁልፍ ኪሴ ሲገባ ነው ትንፋሼን የሳብኩት። ከእኛ ሌላ ሁለት ቱሪስቶች ነበሩ። ተሰለፍን፦ አስጎብኚዋ፣ ባለቤቴ፣ እኔ፣ ከኋላዬ ቱሪስቶቹ።

ፀሐይዋ ጠልቃ ብርሃኑ ገና አልጠፋም ነበር። የዶሮ ጥብስ ቤቱ፣ የስልክ ጠጋኙ፣ የቱርኩ ዳቦ ቤት፣ ሁሉም መብራታቸውን አብርተዋል። ሃያ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው፤ ከዚያ ዝቅታ ግን አይቼው አላውቅም። የአውቶቡስ ጎማ ከራሴ በላይ ይሆናል። የሰው ጉልበት፣ የፌስታል ቂጥ፣ የውሻ ፊት ነው የሚታየኝ። አንድ ሕፃን ከጋሪው ውስጥ ሆኖ ዓይን ለዓይን ተያየን። አስጎብኚዋ በሄልሜቱ ድምፅ ማጉያ ታወራለች፤ ይህ ሕንፃ ድሮ ቲያትር ቤት ነበር፣ ኳስ ባለ ቀን ይህ መንገድ በሰው ይዘጋል እያለች። እኔ ግን የምሰማው የባለቤቴን ሳቅ ነበር።

ሁለት እጇ መሪ ላይ ስለነበር መሸፈን አልቻለችም። በትዳር ስንኖር ያን ሳቅ በሙሉው ሰምቼው አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? ጮክ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር፣ የልጃገረድ ሳቅ ነው። መንገደኛው እየዞረ ያያታል፣ ክላክስ ታሰማለች፣ እንደገና ትስቃለች። የትራፊክ መብራት ባቆመን ቁጥር ዞራ «እየተከተልከኝ ነው አንተ ሰው? ወይስ ወገብህን አመመህ?» ትለኛለች። እኔ አውራ ጣቴን አሳያታለሁ። እናቷ አፈር ከለበሱ ገና ጥቂት ሰዓት ነው፤ እኔ አውራ ጣቴን አሳያታለሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ትልቁ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገባችን ነው፣ በክንድ ርቀት። እዚያ ነጠላቸውን የተከናነቡ ከቤተ ክርስቲያናችን ያሉ አሮጊት ቆመዋል። ሰንበቴ ላይ ለባለቤቴ አጠገባቸው ቦታ የሚይዙላት ናቸው። እኔን አላወቁኝም፤ ባለቤቴ ግን የሄልሜቷን መስታወት ወደ ላይ ከፍታ «እትዬ! እንዴት አመሹ?» አለቻቸው፣ በዚያ ሳቅ መሀል።

አሮጊቷ አዩዋት። እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጣ። መስማታቸውን ፊታቸው ላይ አነበብኩ፤ ዕድሩ ሰው ሲጠራ ለእሳቸውም ደርሷል ማለት ነው። አንድ እርምጃ ወደ መኪናዋ ተጠጉ። ከንፈራቸው «እግዚአብሔር» የሚለውን ሲጀምር አየሁ። ያ ቃል «ያጽናሽ» ብሎ ከጨረሰ፣ ባለቤቴ የእናቷን ሞት ፊንስበሪ ፓርክ መሀል፣ መጫወቻ መኪና ላይ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ መኪና ክላክስ እየነፋባት ልትሰማ ነው። መብራቱ እንደቀላ ነው። መሄጃ የለም። መስታወቴን ከፈትኩና ራሴን ነቀነቅሁላቸው። አልሰማችም፣ አልሰማችም እያልኩ፣ ያለ ድምፅ።

ገባቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ጨረሱት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡና «ተጫወቺ ልጄ፣ ተጫወቺ» አሏት፤ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እኔ አይቻለሁ። ባለቤቴ ያየችው ፊታቸውን ማዞራቸውን ብቻ ነው።

የሚቀጥለው መብራት ላይ ስትዞር ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። «አየሃቸው? ፊታቸውን አዞሩብኝ» አለችኝ። «ትልቅ ሴትዮ ሆና ሜዳ ለሜዳ ትዘላለች ብለው ነው። አንተ ልክ ነበርክ፤ ባንመጣ ይሻል ነበር።»

«ተያቸው፤ እርጅና ነው። እሳቸው መቼ ደስታ ይወዳሉ?» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ለእሷ ብለው ልቅሷቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩትን እናት፣ ደስታ አይወዱም ብዬ አማኋቸው። ውሸት ቤተሰቡ ብዙ ነው፤ አንዱን ካስገባህ ሌላው ጠርቶ ይመጣል።

በፓርኩ ጥግ ቁልቁል ስንወርድ እንደገና ፍንድቅ አለች። አስጎብኚዋ አስቁማን፣ ሄልሜታችንን አስወልቃ ሁላችንንም ፎቶ አነሳችን። ባለቤቴ ጎኔን ጎሸም አድርጋ «ሳቅ በል እንጂ፣ ለቅሶ ቤት የመጣህ ትመስላለህ» አለችኝ። ጥርስ ባዳ ነው ይላል ያገሬ ሰው፤ ሳቅሁ። ፎቶው አሁንም ልጄ ጋ አለ፣ እኔ ግን ደግሜ አላየሁትም።

ስንመለስ ባለቤቴ ሰደርያዋን እስክታወልቅ ሎከሩን ከፈትኩና ስልኳን አጠፋሁት። ባትሪሽ አልቋል አልኳት፤ ስልኳ አሮጌ ስለሆነ አልተጠራጠረችም። ወደ ቤት አውቶቡስ ላይ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ መስኮቱን ታያለች። «ነገ ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ እደውላለሁ» አለች። «ሁሌ ስለ ጉልበቷ ብቻ ነው የምናወራው። ነገ ስለ መኪናው ነው የማጫውታት። መሬት ላይ ተቀምጬ ነዳሁ ስላት አታምነኝም።»

«አያምኑሽም» አልኩ። አንጀቴን በላችው፤ እዚያው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሙሉ አውቶቡስ፣ ፈረንጁ ሁሉ እያያት ስትጮህ ታየኝ። ዘጋሁት። ወግ ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ መለየት ያቅተኛል።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ለሥራ ለባብሳ ስለነበር ራሷ ከፈተችው። ሰብሳቢያችን ከፊት፣ ኋላቸው ወንድና ሴት፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ማንም አፉን አልከፈተም፤ በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው የሚያመጣውን የእኛ ሰው ያውቃል። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። «እማዬ ናት?» አለች። ከዚያ ወደቀች፣ ሴቶቹ ያዟት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ከሁሉ ጋር አለቀስኩ፤ አሁን የሰማሁ ይመስል።

ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። ምግብ እየተሠራ ይመጣል፣ ወንበር ከዕድሩ መጣ፣ ልጃችንም መጥታ ከእናቷ ጎን አልተነሳችም፤ እኔን ግን ዓይኔን አታየኝም። ባለቤቴ ምንም አልጠየቀችኝም። እሱም እንደ እኔ ጧት ነው የሰማው ብላ ታስብ ይሆናል እያልኩ፣ እንደዚያው እንድታስብ ተውኳት።

ሦስተኛው ቀን አሮጊቷ መጡ። አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ይዘው አለቀሱላት። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ሊያጽናኗት ብለው፣ በሰው ሁሉ ፊት እኔን ማመስገን ጀመሩ። «ባልሽ ብልህ ነው ልጄ። ያን ለታ እኔ አሮጊቷ መንገድ ላይ አፌ አምልጦኝ ጉድ ልሠራሽ ነበር። እሱ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ ዝም በይ ሲለኝ። እንዲህ ነው ሚስቱን የሚወድ።»

ሽማግሌዎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ «ደግ አደረገ» አሉ። ተመስግኜ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም። ባለቤቴ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ልጄም አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ገባን። እሷ ብርጭቆ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «መቼ ነው የሰማኸው?» አለችኝ።

«ሐሙስ። ምሳ ላይ።»

«ሰው ሞተ እንዴ ብዬህ ነበር።»

«አዎ።»

«አፌን ከፍቼ ስስቅ ከኋላዬ ነበርክ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት። «ወንድምሽ አደራ ብሎኝ፣ ሽማግሌዎቹም…»

«አውቃለሁ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለእኔ ብላችሁ ነው፤ ሁላችሁም። ብቻ እናቴ እኔ ሳላለቅስላት አንድ ሌሊት አደረች። የጎረቤት ልጅ እያለቀሰላት፣ እኔ መኪና እየተጫወትኩ ነበር። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

ብርጭቆውን አጠበችና አቀበለችኝ።

«የአንተ እናት ቀን ሲደርስ» አለችኝ፣ «እግዚአብሔር ያርቀውና፣ መጀመሪያ እኔ ከሰማሁ ወዲያውኑ ነው የምነግርህ። ሥራ ላይ ብትሆን፣ አውቶቡስ ላይ ብትሆን። አንድ ሰዓት እንኳ አላሳልፍም።»

እናቴ ደሴ ናት፤ አርጅታለች፣ ስትናገር ይደክማታል። ባለቤቴ በቅጣት ይሁን በፍቅር ያን ያለችው አልጠየቅኋትም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። «እሺ» አልኳት። ማለት የሚገባኝ እሱ ነበርና።

ከሁሉ በላይ የማፍረው ግን እዚህ ላይ ነው። ልቤ እሺ አላለም። አትንገሪኝ ልላት ነበር የፈለግሁት። የሰማሽ ቀን ዝም በይ፣ ደጅ ቆመሽ ጠብቂኝ፣ ማንም አልሞተም በይኝና እጄን ይዘሽ የሆነ ቦታ ውሰጂኝ፤ እናቴ ያለች መስሎኝ አንድ ምሽት ልሳቅ። ይህን እንዴት ብዬ ልበላት፣ ያን ለታ ያደረግሁትን እያወቀች? እሷ ሳሙናውን አለቅልቃ የሚቀጥለውን ብርጭቆ ዘረጋችልኝ፤ ተቀብዬ አደረቅሁት።